ደራሲዋን ይዤ የሸሸሁ ዕለት

አንድ የማላውቀው ሰው ግቢዬን በእርምጃ ሲለካ ያየሁ ጊዜ ነው፣ ነገሩ ቀልድ አለመሆኑ የገባኝ።

ልብስ እያሰጣሁ ነበር። አንሶላው ከልሎኝ አላየኝም። ግራጫ ጃኬት የለበሰ ጎልማሳ ነው። ከበሩ እስከ ቧንቧው ተራመደ፤ ከቧንቧው ዞሮ እስከ አጥሩ ተራመደ፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ቀና ብሎ ደግሞ የጣሪያውን ክዳን አየ። ከአንሶላው ኋላ ብቅ ስል ክው አለና፣ «ይቅርታ እናቴ፣ ቤት ተሳስቼ ነው» ብሎኝ እየተቻኮለ ወጣ።

ቤት የተሳሳተ ሰው ግቢ አይለካም።

እኔ ደግሞ ጓዳ ውስጥ የደበቅኋት ሰው ነበረችኝ። ልጄ።

ልጄ ደራሲ ናት። ይህን ቃል ስጽፈው እንኳ እጄን ደስ ይለዋል። ቀን ቂሊንጦ ልብስ ፋብሪካ ኮሌታ ትሰፋለች፤ ቤት ስትገባ ስልኳ ላይ ልብ ወለድ ትጽፋለች። አንድ ምዕራፍ በጨረሰች ቁጥር በስልክ ትለቀዋለች። ጠዋት በሠራተኛ ሰርቪስ አንዷ ጮክ ብላ ታነባለች፣ አውቶቡሱ ሙሉ ይሰማል። ሹፌሩ ሬዲዮ መክፈት ትቷል አሉ። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። ይህንንም የምጽፈው «እማ፣ እንደምታወሪው ጻፊው፣ እኔ አልነካብሽም» ስላለችኝ ነው። የእሷን ልብ ወለድ ግን ከማንም በፊት የምሰማው እኔ ነኝ፤ እግሬን ስታጠብ አጠገቤ ቁጭ ብላ ታነብልኛለች።

ታሪኩ ስለ አንዲት ደራሲ ነው። ስም የላትም፣ «እኔ» እያለች ነው የምታወራው። እንደ ልጄ ፋብሪካ ትሠራለች። አንድ ቀን ለእርማት የተመለሰ ኮት ኮሌታ ስትፈታ ውስጡ በክር የተጻፈ ነገር ታገኛለች፤ የትኛው ሰፈር፣ መቼ ውሃ እንደሚጠፋበት። ለካስ ውሃ የሚጠፋው አንሶ አይደለም! በኮሌታ የሚላላኩ ድብቅ ሰዎች አሉ። አለቃቸው የወርቅ ጥርስ አለው፤ እሱ ሳቀ ማለት አንድ ሰፈር ደረቀ ማለት ነው። ሴትየዋ ይህንን ልትጽፍ ስትነሣ ያሳድዷታል፤ እሷም ቢጫ ጀሪካን ይዛ ከሰፈር ሰፈር ትሸሻለች። ጀሪካን የያዘች ሴት «ወዴት ነሽ?» ተብላ አትጠየቅማ! ይቺን ዘዴ የነገርኳት እኔ ነኝ። ምዕራፉ የወጣ ለታ በኩራት መቀመጥ አቃተኝ። ሰፈሩም ሴትየዋን ባለጀሪካኗ እያለ ይጠራት ጀመር።

እየሳቅሁ ነበር የምሰማው፤ የፈረቃ አለቃቸው የወርቅ ጥርስ እንዳለው እስካውቅ ድረስ።

«አንቺ ልጅ፣ ጥርሱን ከየት አመጣሽው?» አልኳት።

«ከአፉ» አለችኝ።

ቆይቶ ሰውየው አንድ ጠዋት ሰርቪሱ ላይ ወጥቶ፣ «ይቺን ታሪክ የምትጽፈው የትኛዋ ናት? ላገኛት እፈልጋለሁ» ማለቱን ነገረችኝ። ልጆቹ ሁሉ በመስኮት ማየት ጀመሩ፤ አንዷም ትንፍሽ አላለች። ልጄ ይህን የምትነግረኝ እየሳቀች ነው። የኔ ሳቅ ግን እዚያው ቀረ።

የኔን ፍርሃት ለማወቅ ሥራዬን ማወቅ ነው። ቃሊቲ ማረሚያ ቤት መንገድ ላይ ኪዮስክ አለችኝ። እስረኛ ጠያቂ ስልክ ይዞ መግባት ስለማይችል ለኔ ይሰጠኛል፤ ቁጥር ሰጥቼው አስቀምጥለታለሁ፣ ሲወጣ ይወስዳል። ዕድሜዬን እዚያ ተቀምጬ ስንቅ የተሸከሙ እናቶች አይቻለሁ። «ልጅሽ ምን አድርጎ ነው?» ስትባል «ምንም» የማትል እናት የለችም። እዚያ በር ፊት ለፊት የሚውል ሰው መንገድ ሁሉ ወደዚያ የሚወስድ ይመስለዋል።

እንግዲህ ልጄ የመጨረሻውን ምዕራፍ ልትጽፍ የዓመት ፈቃድ ወሰደች። አንባቢዎቿ «እንዳትገድያት፣ አደራ!» እያሉ በስልክ መግቢያ መውጫ ቢያሳጧት ስልኳን ዘጋችው። «ደብረ ዘይት አክስቴ ጋ ሄዳለች በያቸው» አለችኝና ጓዳ ገባች። እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ እንደዚያው አልኩ። ምዕራፉን ጨርሳ የለቀቀች ምሽት ስልኩን መልሳ ዘግታ እንደ ሬሳ ተጋደመች።

«መጨረሻዋ ምን ሆነ?» አልኳት።

«ስነቃ አነብልሻለሁ። ግን አታልቅሺ» አለችና ተኛች።

ግቢዬ የተለካው በማግስቱ ነው።

ደንግጬ ወደ ሱቅ ወጣሁ። ባለሱቃችን ከስልጤ የመጣ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። ሌላ ጊዜ «ቶሎ ይበሉ እትዬ፣ ሰው ተሰልፏል» ነው ሰላምታው። ያን ቀን ከመደርደሪያው ጀርባ ወጥቶ ወንበር አወጣልኝ።

«ይቀመጡ እትዬ። አይዞዎት። ሁሉም ከአላህ ነው።»

«ምኑ?»

«ሁሉም» አለና ዓይኑን ወደ ምስር ጆንያው አዞረ።

ቤቴ ሳልገባ ደግሞ ጎረቤቴ ደረሰችብኝ። ከኔ ጋር የኖረች፣ ምጥ ላይ እጄን የያዘች ሴት ናት።

«የደም ግፊት መድኃኒትሽን ውጠሻል?»

«ዛሬ ምን ነካሽ አንቺ?»

«ዋጪ። ነገም ማልደሽ ዋጪ። ራትሽንም ደህና አድርገሽ ብዪ።» ከዚያ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ፣ «ልጅሽ... ደውላልሽ ታውቃለች?»

ውሸት ሲዘረዘር እውነት ይመስላል ብዬ፣ «አሁን ደወለች እኮ! አክስቷ ሐይቁ ዳር ወስዳት ዓሣ በላን እያለች ነው። እንዲህ ደስ ብሏት አታውቅም» አልኳት።

ጎረቤቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሮጠች። እኔ ደግሞ «ጥሩ ዋሸሁ» ብዬ ገባሁ።

ቁጭ ብዬ አንድ ላይ ሰፋሁት። ግቢ የሚለካ ሰው፣ ወንበር የሚያወጣ ባለሱቅ፣ ስለ ደም ግፊቴ የምትጨነቅ ጎረቤት። አለቃው ከሷታል፣ ልጄን ሊይዟት ነው። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል፤ ለኔ ያዝናል እንጂ አይነግረኝም። እኔ ራሴ መርዶ ይዤ ስንት ቤት ሄጃለሁ፤ ሰው ሞቶበት ያልሰማን ሰው እንዴት እንደሚያደርጉት አውቃለሁ። ግን አባቷ ከሞተ ቆየ፣ ያለችኝ አንድ ልጅ ናት፣ እሷም ጓዳ ተኝታ ታንኮራፋለች። ማን ይሞትብኛል? በዚያ በኩል አሳቤ ዝር አላለም።

ቀሰቀስኳት። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ተነሥታ ቁጭ አለችና፣

«ሰውየው ጫማው ምን ዓይነት ነበር?» አለችኝ።

«ምን አውቄ! የቆዳ መሰለኝ።»

«አዲስ ነው አሮጌ? ሲወጣ ወደ ግራ ነው ወደ ቀኝ የዞረው? እማ፣ ጣሪያውን አይቷል ካልሽ በጣሪያ ሊመጡ ነው።»

ደራሲ ሰው ማረጋጋት አይችልም፤ ይህን ያን ቀን ተማርኩ። በጽሑፏ አገር ያስፈራች ልጅ ራሷ የፈጠረችውን ሰውዬ ፈርታ ጥፍሯን ትበላ ጀመር። እንደዚያም ሆና ታስባለች፤ ዓይኗ ሲሮጥ ይታየኛል፤ እውነቴን ነው፣ እየፈራሁም አደንቃታለሁ።

«ገና ሳይነጋጋ እንወጣለን፤ ጀሪካን ይዘሽ» አልኳት።

«እማ! ጀሪካኑን አገር ሙሉ አንብቦታል። አሁን ጀሪካን የያዘች ሴት ናት የምትጠረጠረው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ለቅሶ ቤት ሂያጅ እንሁን። ያዘነ ሰው ማን ያስቆማል?»

ጥቁር ልብሴን ሰጠኋት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ፊቷን ሸፈነች። እኔም እንደዚያው። ጎህ ሲቀድ ልንወጣ ስንል ከውጭ የብረት ድምፅ ሰማሁ። ቋ፣ ቋ። በበሩ ቀዳዳ ባይ ጋቢና ነጠላ የለበሱ ሰዎች ድምፃቸውን አጥፍተው ቆመዋል። የዕድራችን ዳኛ አሉ፤ የተከበሩ ሽማግሌ፣ ሰፈሩን በሙሉ የቀበሩ። ባለሱቁ አለ። ጎረቤቴ አለች። ከመሐላቸው ማንን ብታዩ ጥሩ ነው? ታናሽ እህቴን! ደብረ ዘይት ያለችውን!

«አክስትሽም አብራቸው ናት» አልኩ። የእናቴ ልጅ አሳልፋ ሰጠችን!

«ይሄን እኔ አልጻፍኩትም» አለች ልጄ።

ከሽንት ቤቱ ጀርባ አጥሩ ላይ የተነቀለች ቆርቆሮ አለች። ልጄ ሹልክ ብላ አለፈች፤ እኔን ከወገቤ በላይ አሳልፋ ከወገቤ በታች ቀረሁባት። «ተንፍሺ! ሆድሽን ሳቢ!» እያለች ጎትታ አወጣችኝ። በጓሮ አድርገን ጠባቧ መንገድ ላይ ብቅ ስንል ፊት ለፊት ከማን ጋር? ከልኬተኛው! ባለግራጫ ጃኬቱ ጋሪ ይገፋል፤ ጋሪው ላይ ሸራ ለብሶ ብረት ተከምሯል።

ሞቼ ነበር እዚያ። እሱ ግን ኮፍያውን አውልቆ ለልጄ ጎንበስ አለ።

«እግዜር ያጽናሽ እህቴ። መጥፎ ነው፣ ልጅነቷ።»

ልጄ በነጠላዋ ውስጥ «አሜን» አለች።

«ቤቱ በዚህ በኩል ነው። ደግሞ እንዳታለቅሱ፣ አደራ፤ እናትየዋ ገና አልሰማችም። ሳታስበው ነው መያዝ ያለባት።»

ሳታስበው! እጇን ይዤ እየተንደረደርኩ አስፋልት ደረስኩ። አንድ ባጃጅ ቆሟል። «አቃቂ!» ብዬ ልጄን አስገብቼ ላይዋ ላይ ወደቅኩ። አቃቂ ደርሰን ደብረ ዘይት የማይሄድ፣ የትም የሚሄድ መኪና ልንይዝ ነው።

ሹፌሩ ዓይኑ ደም መስሏል። ትንሽ እንደሄድን በመስታወቱ አየን።

«ማዘር፣ ለቅሶ ከሆነ የሚሄዱት መንገዱ ጠፍቶብዎታል። ለቅሶው ወዲያ ነው።»

«የማን ለቅሶ?»

«አልሰሙም? የደራሲዋ ነዋ!» አፍንጫውን ጠረገ። «ትናንት አንብቤው እስካሁን እህል አልቀመስኩም። ያ ባለወርቅ ጥርስ በመጨረሻ ያዛት። ጀሪካኗን ነጥቆ አቃቂ ወንዝ ጣላት። ልጅቷ የዚሁ ሰፈር ናት እኮ፤ የራሷን ሕይወት ነው የጻፈችው። ስልኳ ዝግ ነው፤ አክስቷ ጋ የለችም። እናቷ ደግሞ እስር ቤቱ ጋ ስልክ ጠባቂ ናቸው፤ ምስኪን፣ ደውላልኛለች፣ ዓሣ በላች እያሉ ይቀባጥራሉ አሉ። ዛሬ ነው መርዶ የሚነገራቸው። እናንተን አድርሼ እኔም ወንበር ላመላልስ ነው።»

ምስኪኗ እኔ መሆኔ እስኪገባኝ ባጃጁ አንድ ጉድጓድ አለፈ።

ጎኔ ያለችው ሟች ግን ሌላ ነገር ነው የነካት። ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠችና፣

«ጀሪካኗን አልነጠቃትም! ራሷ ናት የወረወረችው። ሳታነብ ነው እንዴ የምታወራው?» አለችው።

ሹፌሩ ዞሮ አያት። ፎቶዋ ከትናንት ጀምሮ ከመርዶው ጋር በስልክ ሲዞር አይቷል። «በስመ አብ!» ሲል ብቻ ሰማሁ፤ ባጃጁ መንገድ ዳር ለግንባታ ከተከመረ አሸዋ ላይ ወጥቶ ቆመ። እሱ ወርዶ ወዲያ ማዶ ቆሞ ያማትባል።

«ሰው ነኝ፤ ና» አለችው።

«ከሆንሽ እጅሽን ዘርጊና አሳዪኝ!»

እጇን ቀድሜ የያዝኩት እኔ ነኝ። በጥፊ ልበላት ይሁን ልስማት ሳልወስን ሁለቱንም አደረግኩ። እያለቀሰችና እየሳቀች ነገረችኝ። የመጨረሻውን ምዕራፍ የጻፈችው ባለጀሪካኗ ራሷ የምታወራው አድርጋ አይደለም፤ ጓደኛዋ ለአንባቢ እንደምትነግር ነው፤ «ከእንግዲህ አትጠብቋት፣ አትጽፍላችሁም» ይላል። የቀረውን ሹፌሩ ሞላልን። ያንን ትናንት ጠዋት ሰርቪስ ላይ አነበቡት። ደወሉ፣ ዝግ። ሰው ለዕድሩ ዳኛ ነገረ። ዳኛው ጠንቃቃ ናቸው፤ በጎረቤቴ በኩል እህቴ ጋ አስደወሉ። እህቴ «ኸረ እኔ ጋ አልመጣችም» አለች። እናቲቱ ደግሞ አክስቷ ጋ ናት፣ ዓሣ በላች ትላለች። ከዚህ በኋላ ማን ይጠራጠር? ግራጫ ጃኬቱ ዕድሩ በቅርቡ የቀጠረው የዕቃ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ይለካ የነበረውም የድንኳን ቦታ።

«አዙር!» አልኩት ሹፌሩን።

ስንደርስ ዋይታው ከአስፋልት ይሰማል። ምክንያቱ ለካ እኔ ነኝ። ሽማግሌዎቹ በሩን ቢያንኳኩ ቤቱ ባዶ፤ «ሰምታለች፣ ወንዝ ልትገባ ሄዳለች» ተባባሉና ዝምታው ፈረሰ። የድንኳኑ አንድ ወገን ቆሟል፣ ሌላው ተንጋዷል። የፋብሪካው ልጆች በሁለት ሰርቪስ መጥተው ግቢው አልበቃቸውም፤ ጥቁር ለብሰው እስከ መንገዱ ሞልተዋል። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ይህ ሁሉ ሰው ለኔ ልጅ! ያቺ ምሽት ምሽት ስልኳ ላይ ስታቀረቅር፣ መጀመሪያ ሰሞን «ማን ያነበዋል ብለሽ ነው?» እላት የነበረች ልጅ!

እጇን ይዤ ገባሁ። ፊቷን ስትገልጥ ዋይታው እንደ ቧንቧ ተዘጋ። እህቴ ባለችበት ተቀመጠች። ጎረቤቴ «ዓሣ! ዓሣ በላች አልሽኝ አንቺ ውሸታም!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ባለሱቁ ሁለት እጁን ወደ ላይ ይዞ «አልሐምዱሊላህ» ይላል፣ ይደጋግመዋል።

የዕድሩ ዳኛ ከዘራቸውን ተደግፈው ልጄን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

«ልጄ፣ ይህ ዕድር ሰው ይቀብራል። ሰው አስነሥቶ ግን አያውቅም። መዝገቡ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ» አለች፣ ዝቅ ብላ ጉልበታቸውን ልትስም።

ያን ጊዜ ከወንዶቹ በኩል አንድ ሰው እየተንሰቀሰቀ መጣ። ከሁሉም ይልቅ ያለቀሰ እሱ ነው። አፉን ሲከፍት ወርቁ ብልጭ አለ። ሳላስበው ልጄ ፊት ቆምኩ።

«ምን ፈልገህ ነው?» አልኩት።

«ኸረ እናቴ፣ እኔ ጥያቄ ብቻ ነበረኝ» አለ የፈረቃው አለቃ። «ልጆቼ በየማታው አንብብልን ይሉኛል። ሰውየው በመጨረሻ ይጸጸት እንደሆነ ልጠይቃት ነበር። ጥርሱ እኔን ስለሚመስል... ከብዶኝ።»

«አይጸጸትም» አለች ልጄ።

«እሺ» አለና ጥርሱን በእጁ ሸፈነ።

ንፍሮ ወጣ። ሌላ ምን ይደረጋል? ተቀቅሏል። ልጄ ከትናንት ጀምሮ አልበላችምና በእፍኟ ትበላ ጀመር፤ «የራሷን ንፍሮ!» ብሎ ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛው ሳቁ ሲበርድ ተነሡ።

«በይ እንግዲህ፣ አንቺ ተነሥተሻል። ባለጀሪካኗንም አስነሥተሽ በደስታ እንበተን።»

«አስነሺያት!» አለ ሰው ሁሉ። አንድ ድምፅ ሆነው። «አስነሺያት!»

ፍርሃቴ ተመለሰ። ያ ሁሉ ሽማግሌ፣ ያ ሁሉ ሰው። እሺ በዪ፣ እሺ በዪ እያልኩ ቀሚሷን ጎተትኩ። ልጄ ግን ንፍሮዋን ዋጥ አድርጋ ተነሣች። ድምፅዋን አላነሣችም።

«ጋሼ፣ አልችልም። እሷ ካልሞተች ውሃው አይመጣም። የኮሌታውን ጽሑፍ በሙሉ ጀሪካኑ ላይ ጽፋ ነው የወረወረችው። እሷን ሲያሳድዱ ጀሪካኑን ረሱት። ልብስ አጣቢዎች ከወንዝ አወጡት፣ ሰፈር ለሰፈር አነበቡት። በየቧንቧው ውሃ መጣ። እሷን ላስነሣ ብል ውሃውን መልሼ መዝጋት አለብኝ።»

የመጨረሻውን ምዕራፍ የሰማሁት ያኔ ነው፤ አታልቅሺ ያለችኝን አለቀስኩ። ጀሪካኑ የኔ ነው፣ ታውቃላችሁ፤ የኔ ቢጫ ጀሪካን ከልጄ እጅ እንዲህ ያለ ነገር ሆኖ ወጣ።

ዳኛው ወደ ባለግራጫ ጃኬቱ ዞሩ።

«ያንን የተንጋደደውን ወገን አቅናው። ድንኳኑ ይቆይ። ሞታ ለሰፈር ውሃ ላመጣች ሴት፣ ብትወለድም ባትወለድም፣ ይህ ዕድር ያለቅስላታል።»

እናም ሰው ቁጭ ብሎ ዋለ። ስላልነበረች ሴት ንፍሮ ተበላ፤ ሰርቪስ ላይ የምታነበው ልጅ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምራ አነበበች። የባጃጁ ሹፌር ደጋግሞ አቋረጣት፤ «ጀሪካኗን አልነጠቃትም! ራሷ ናት የወረወረችው!» እያለ ሰውን ሁሉ ያርማል።

እኔ ከልጄ አጠገብ ተቀመጥኩ። እጇ እጄ ውስጥ ነው፣ በመርፌ የሻከረ ጣቷ ሙቅ ነው። ዞር ብዬ በሩን አየሁት፤ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ የሚመጣው ሰው ሁሉ ስለሚወዳት የሚመጣ ነው። እህቴ ጎንበስ ብላ «አሁንስ እንዴት ነሽ?» አለችኝ።

«ደህና ነኝ» አልኳት። «ልጄ አለች። ደህና ነን።»